የክረምትን ረሃብ የሚሰብር፣ ሦስት ፊደል

ትምህርት ቤት የገባሁት ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን የተማርሁት ምስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። አናጢ ምስማር ሳይገዛ አይውልም፤ እኔም ምስማሩን አፍስሼ ወረቀቱን አነብ ነበር። አንዳንዱ ቁራጭ ላይ ግማሹ የተቀደደ የመስቀለኛ ቃላት ሠንጠረዥ ይገጥመኛል። የጎደለውን ጥያቄ ራሴ እየፈጠርሁ እሞላዋለሁ። ልጆቼን «መምህር የለንም ብላችሁ አታመካኙ» የምላቸው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ባለፈው ክረምት ሴት ልጄ ከባሕር ዳር አንድ መጽሔት ይዛ መጣች። መሐሉ ላይ ሁለት ገጽ የሞላ ሠንጠረዥ ነበረበት፤ አግድም ሃያ አምስት ሳጥን፣ ቁልቁል ሃያ አምስት። ይህን ያህል ትልቅ አይቼ አላውቅም። ጥያቄዎቹም በቀጥታ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ዙሪያውን ይዞሩና ሰውን ያደክማሉ። አንዱ «ቆሞ ይውላል፣ እንግዳ ሲመጣ መንገድ ይለቃል፣ ሁለት ፊደል» ይላል። ዕድሜዬን በር ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝና ልጄ አንብባ ሳትጨርስ መለስሁ። ሌሎቹ ግን እንዲህ ቶሎ አልተገኙም።

ገጾቹን ጣውላ ላይ መትተን የሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሁለታችን ከፊቱ እንቆማለን። እሷ በእርሳስ ትጽፋለች፣ እኔ በእስክሪብቶ።

«አባባ፣ ቢሳሳቱስ?»

«ያላመንሁበትን አልጽፍም።»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን ከመስቀለኛ ቃላቱ በቀር ደህና የምንነጋገርበት ነገር አልነበረንም። ልጄ በማኔጅመንት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጥታለች። ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስትዞር ጫማዋ አለቀ። አሁን ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ድንች እየጠበሱ ለመንገደኛ ሊሸጡ አስበዋል። እኔ አይሆንም ብያለሁ። «በዲግሪሽ ድንች ልትልጪ ነው?» ብያታለሁ፣ እናቷ ባለችበት። ያለ ፈቃዴ እንደማትገባበት አውቃለሁ፤ እንዲያውም በዚህ እኮራ ነበር። ጓደኛዋ ግን እስከ ሰኞ ቁርጡን ካልሰማች ሌላ ሰው ልትፈልግ ነው።

ሠንጠረዡ ከታች በስተግራ ያለው ጥጉ ብቻ ሲቀር የቀጠሮው ሰኞ ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ጥጉን የሚከፍተው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የክረምትን ረሃብ የሚሰብር፣ ሦስት ፊደል።»

«ገብስ» አልሁና እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

«ድንች» አለች።

«አሁን ድንች ከየት መጣ? ነገርሽ ሁሉ ድንች ሆነ እኮ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ፊደሉ ሦስት ነው። በሐምሌ ገብስ የት አለ? ገና ማሳ ላይ አረንጓዴ ነው።»

«ቀድሞ የሚደርስ አለ። እኔ በምን ያደግሁ መሰለሽ?»

«በገብስ ዳቦ» አለች ድምፄን አስመስላ። «ሳህን ላይ ምግብ በተረፈ ቁጥር ሰምተነዋል።»

አልሳቅሁም። ገብስ ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍሁ። እሷም እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ሳጥኖቹን የሚያቋርጡት ቃላትም ገና ያልታወቁ ስለነበሩ መልሱን የሚያጸና ነገር አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ጠየቅሁ። እንጨት ያመጣልኝ የባጃጅ ነጂ የዳንግላ ልጅ ነው። «በቆሎ ነዋ ጋሼ! እሸት ሲደርስ አይደል እንዴ ሰው ነፍስ የሚዘራ?» አለኝ። ከአዲስ ቅዳም የመጣ ከሰል ነጋዴ ደግሞ እስኪያስለው ሳቀ። «ጎመን ነው እንጂ ጌታው። እናቴ ጎመን ቀቅላ ባትሰጠኝ ዛሬ ከፊትዎ ማን ይቆም ነበር?» ቆጠርሁት፤ ጎመንም ሦስት ፊደል ነው። በቆሎም ሦስት ነው። እያንዳንዱ ሰው ጥያቄውን ሰምቶ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። የሠንጠረዡን መልስ ፈልጌ የሰዉን የልጅነት ጓዳ ሳይ ሰነበትሁ። ደስ የሚል ነገር ነበር፤ መጋዙን አስቀምጬ የማዳምጥበት ጊዜ በዛ። ከዚያ በመጋዙ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ አንድ ነገር መጣብኝ። የገብስ ዳቦውን ለማስታወስ ስሞክር ሽታው ይመጣልኛል፤ ጣዕሙ ግን አይመጣልኝም።

ቅዳሜ ታላቅ እኅቴ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ለገበያ መጥታ ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ ቤቴ ገባች። ልጄ በርጩማ ሰጠቻት። እኅቴ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን አንድም ነገር አይረሳትም።

«እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ትፈርጃለሽ» አልሁና ጥያቄውን አነበብሁላት።

«ይህ ደግሞ ምኑ ይጠየቃል? ድንች ነዋ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«እኛ ቤት ገብስ አልነበረም እንዴ?» አልሁ እኅቴን።

«የማን ገብስ? የአጎታችን ቤት ነው ገብሱ። አንተማ ደጁ ላይ ቆመህ ሽታውን ስትጠጣ ትውል ነበር!» ብላ ጉልበቴን በጥፊ መታችው።

ከዚያ በአገውኛ ቀጠለች። የድሮ ነገር ስታወራ ቋንቋዋም አብሮ ይመለሳል። ልጄ መናገር ባትደፍርም ትሰማለች፤ ስለዚህ ላቋርጣት ፈለግሁ፣ አልቻልሁም። አባታችን ከሞተ በኋላ ሁለት ክረምት፣ ባለ ማሳዎቹ ድንቻቸውን ቆፍረው ሲጨርሱ እናታችን እኛን ይዛ የቀረውን ትቃርም ነበር። ጭቃውን በእንጨት እንፈነቅላለን፤ የተቆረጠውን፣ ዶማ የነካውን፣ የጣት ጫፍ የሚያህለውን እንለቅማለን። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ቅርጫቱን ጥዬ ቦይ ውስጥ ተደበቅሁ።

«ቅርጫቱን እኔ ተሸከምሁት» አለች ወደ ልጄ ዞራ። «አባትሽ እስከ ቤት ድረስ ከኋላ ከኋላ፣ ልክ እንደማያውቀን ሰው። ማታ ግን ከማናችንም በላይ በላ!»

እሷ ሳቀች። ነገሩ ለእሷ የሚያስቅ ነገር ነው። ዝናቡ ሲያባራ ዕቃዋን አንሥታ ሄደች።

እዚህ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለብኝ ነገር አለ። ልዋሽ ብዬ አልተነሣሁም። አናጢነት ስማር አብረውኝ የነበሩት ልጆች ስለ ቤታቸው ሲያወሩ፣ እኔ አጎቴ ቤት አንድ ሁለት ጊዜ የበላሁትን ዳቦ የሁልጊዜ አድርጌ አወራሁ። ደግሜ አወራሁት። ለሚስቴ አወራሁት፣ ልጆቼን ገሠጽሁበት፤ በመጨረሻ ራሴም አመንሁት። ልጆቼ እንዲህ ቢያደርጉ ስሙን ሳላለዝብ ውሸት እለዋለሁ። ስለዚህ ውሸት ነው።

እስክሪብቶውን አንሥቼ ገብስ የሚለውን ሰረዝሁ።

«ይቆዩ አባባ» አለች ልጄ። «ይህም እኮ ማስረጃ አይሆንም።»

«እንዴት አይሆንም? አክስትሽን ሰማሽ አይደል?»

«አክስቴ የነገረችን የእናንተን ቤት ነው። ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው የት እንዳደገ በምን እናውቃለን? የነጋዴው ጎመን ሊሆን ይችላል።»

አየኋት። በገዛ መልሷ ልትረታኝ ጥቂት ሲቀራት ራሷ ተወችው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲህ አላደርግም ነበር፤ ሳምንቱን ሁሉ አላደረግሁምም። እርሳሷን አንሥታ ከሰረዝሁት በላይ ድንች ብላ በስሱ ጻፈች። ትክክለኛው መልስ በሚቀጥለው እትም እንደሚወጣ መጽሔቱ ላይ ተጽፏል፤ ያ እትም ግን እኛ ከተማ፣ ቆሰበር፣ አልደረሰም።

«አባባ፣ ለጓደኛዬ ምን ልበላት?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«የከለከልሁሽ በዲግሪሽ ምክንያት አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

«ሰው ያይሻል ብዬ ነው።»

«ይየኝ። ሰው እንዲያየኝ አይደል እንዴ መናኸሪያ የምንከራየው?»

ሰኞ ጠዋት አብረን እንድንሄድ ብቻ ነገርኋት። እናቷ ከሥራ ቤቴ አጠገብ ካለው ጓዳ ሆና ሰምታ ነበር መሰል፣ የምትወቅጠውን አቆመች።

ሰኞ ክፍሏን አየኋት፤ ጠባብ ናት፣ ግን ብርሃን አላት። ጓደኛዋ ገና ሳንገባ ምድጃውን ለኩሳ ኖሮ «ጋሼ፣ እስቲ ይቅመሱልን» ብላ ትኩስ ድንች በሳህን ሰጠችኝ። ውስጥ ልቀመጥ ብዬ አሰብሁና ተውሁት። ወንበሩን ደጅ አውጥቼ መንገዱ ዳር ተቀመጥሁ። የዳንግላ ሚኒባስ ተሳፋሪ እየጠራ ነበር። ባለፈው ዓመት መስኮት የሠራሁለት ሰው ጃንጥላውን ይዞ ሲያልፍ አይቶኝ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን እየበሉ ነው በጠዋቱ?»

«ድንች» አልሁት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ። «የልጄ ነው። ግባ፣ ቅመስ።»

ልጄ በበሩ ብቅ ብላ ፊቴን ትመረምር ነበር።

«ጨው አንሶታል» አልኋት።