የኮምፔንሳቶው ድንበር አምባሳደር

በሰፈራችን ዓለም አቀፍ ግንኙነትና ዲፕሎማሲ የሚባለውን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚያጠና አንድ ልጅ ብቻ ነው። የወጣለትን ስም እናቱ ትጠራው ይሆናል፤ እኛ ግን አምባሳደር ነው የምንለው። ማዕረጉን የሰጠነው ዩኒቨርሲቲ ስለገባ እንዳይመስላችሁ። የፊት ጥርሱ ወልቆ ገና ሳይበቅል ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር። እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እሱ ድንበር ያቋርጥ ነበር።

ድንበሩ ኮምፔንሳቶ ነው። ከካፌያችን ፊት ለፊት ያለው ሱቅ በዚህ ቀጭን ጣውላ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል አባቱ ፀጉር ያስተካክላል፤ በቀኝ በኩል አጎቱ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ይሰፋል። ሁለቱ ሱቁን በጎረምሳነታቸው አብረው ነው የተከራዩት። ያን ጊዜ ጣውላው መሐል ላይ መጋረጃ ያለው መተላለፊያ ነበረው፤ ወንድማማቾቹ በዚያ በኩል ሻይ ይቀባበሉ፣ ሐሜት ይቀባበሉ፣ አንዳንዴም ደንበኛ ይቀባበሉ ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ቬንትሌተር ነው። አንድ የሚያቃጥል ቀን ፀጉር አስተካካዩ ቬንትሌተሩን ወደ መተላለፊያው አዙሮ አንድ ደንበኛ ይላጫል። የሰውዬው ፀጉር ለአንድ ፍራሽ ሞልቶ ለትራስ ይተርፍ ነበር። ያ ሁሉ ፀጉር ተነሥቶ በረረና ልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ነጭ የሙሽራ ሱፍ ላይ ሄዶ ዐረፈ። ሙሽራው ሊረከብ ሲመጣ ሱፉ ጢም አብቅሎ ጠበቀው።

«ሆን ብለህ ነው!» አለ ልብስ ሰፊው።

«መጋረጃውን ማን ክፈት አለህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። መተላለፊያው በምስማር ተመታ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየዋሉ ቃል የማይለዋወጡ ሁለት መንግሥታት ተመሠረቱ። ወዲያ የስፌት ማሽኑ ኳኳታ፣ ወዲህ የሬዲዮኑ ጩኸት፤ ቢጠራሩም አይደማመጡም ነበር። የቀረው መንገድ ልጁ ነው።

«ያንን ሰውዬ ሬዲዮኑን ቀንስ በለው! የምሰፋው እጅጌ በዜናው እየተንቀጠቀጠ ተጣመመብኝ» ይላል አጎት።

ልጁ በአንደኛው በር ወጥቶ በሌላኛው ይገባል። «አባዬ፣ ሬዲዮኑን ቀንስ ይልሃል ጋሼ። እጅጌው ተጣሞበታል።»

«ማሽኑን ዘይት ያጠጣው በለው! ደንበኞቼ ጥርስ ሊነቀሉ የመጡ እየመሰላቸው አፋቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ።»

ልጁ ይህንንም ያደርሳል። ስድቡን ከነቅመሙ፣ ከነእጅ ውርወራው ነበር የሚያደርሰው። እኛም ሻያችንን ይዘን በነፃ እንዝናና ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዱ ደንበኛ ካፌው ውስጥ ፊቱን ወደ ሱቁ ያዞረ ወንበር ለማግኘት ወረፋ ይይዝ ነበር።

እንግዲህ ይህ ልጅ አድጎ ዲፕሎማሲ ባይማር ማን ይማር? ገባ። እዚያም አንድ መምህር አገኘ። ድምፁን ከፍ ማድረግ እንደ ነውር የሚቆጥር፣ አዳራሹ በእሳት ቢያያዝ እንኳ «የሙቀቱ ሁኔታ ትኩረት የሚሻ ይመስላል» የሚል ዓይነት ሰው ነው። «ቃል እንደ ምላጭ ነው» ይላቸዋል፤ «ለሌላ ስታቀብሉ በእጀታው በኩል ይሁን።» የፀጉር አስተካካይ ልጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ቀለጠ። ለካ ዕድሜውን ሙሉ ምላጭ በስለቱ ሲያቀብል ነው የኖረው!

የዚያን ሳምንት ማሻሻያው ተጀመረ።

«ያ ደንቆሮ ወንድሜ እጣቢውን ደጄ ላይ እንዳይደፋ ንገረው» አለ አጎት።

አምባሳደር ድንበሩን ተሻገረ። «አባዬ፣ ጋሼ በፍሳሽ አወጋገድ ዙሪያ ሐሳብ መለዋወጥ ይፈልጋል።»

አባት መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። «ምን ይፈልጋል?»

«ሐሳብ መለዋወጥ።»

«እንኳን ሐሳብ ሰላምታም አልለዋወጥም በለው!»

አምባሳደር ተመለሰ። «ጋሼ፣ አባዬ ጉዳዩን በጥሞና ተመልክቶታል።»

እንዲህ እያለ ሱቁ ጸጥ አለ። ስድብ ከገበያ ጠፋ። እኛ ተመልካቾቹ ተጎዳን እንጂ ሰፈሩ ሰላም የሰፈነ መሰለው። ልጁም ይህንኑ ድል «ሀገር ሀ» እና «ሀገር ለ» እያለ ክፍል ውስጥ ለመምህሩ ይተርክ ጀመር። አንድ ነገር ግን አላየም። አጎት አንድ ቀን መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ፣ «ወንድሜን ምን ነካው?» አለው፤ «ታሟል እንዴ? ከሰደበኝ እኮ ቆየ።» አባትም በበኩሉ «ያ ሰውዬ ልክ እንደ ቀበሌ ደብዳቤ ሆነብኝ» እያለ ያጉረመርማል። ሁለቱም በዚያ በለሰለሰ ወሬ ውስጥ የሚያውቁትን ወንድም ፈልገው አጡት።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ ፈተና ደርሶበት ሁለት መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ሲሮጥ፣ ልብስ ሰፊው ማሽኑን አቆመና ከሱቁ ጀርባ ወደ ቧንቧው ጠራው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ድምፁ ዝግ ብሏል።

«ይቺን እንዳለች ንገረው። አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

«እሺ ጋሼ።»

«መናኸሪያው አጠገብ ቤት አግኝቻለሁ። ነገ ጠዋት ቁርጡን አሳውቃለሁ ብያለሁ። እዚህ እንደ ባዳ ተቀምጬ ጣውላ ሳይ መዋል መሮኛል። ግን ‹አትሂድ፣ ቅር› ካለኝ እቀራለሁ። አንዲት ቃል ብቻ! ስድብም ቢሆን። ‹ወዴት አባህ ትሄዳለህ› ይበለኝ፤ አባታችን አንድ ቢሆንም ግድ የለም፣ እቀራለሁ። ዝም ካለኝ ግን እሄዳለሁ።»

ከቧንቧው እስከ ፀጉር ቤቱ በር ያለው መንገድ አንድ ዝላይ ነው። አምባሳደር ግን በዚያች ዝላይ ውስጥ የሴሚስተሩን ትምህርት በሙሉ ከለሰ። ይህ ነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሌላውን ወገን ያስቆጣዋል። እንዳለ ባደርሰው አባዬ ይገነፍላል። ትንሽ ላለስልሰው።

«አባዬ» አለ ገብቶ፣ «ጋሼ የሥራ ቦታውን በተመለከተ የተለያዩ አማራጮችን እያየ ነው። ያንተንም ሐሳብ ያከብራል።»

አባት የሚላጭበትን ቶንዶዝ አጠፋ። «የምን አማራጭ?»

«ገና በመታየት ላይ ነው።»

አባት ጣውላውን አየ። ልጁን አየ። የሚጨመር ነገር እንዳለ ጠበቀ፤ ምንም አልተጨመረም። «እኔ ምን አገባኝ» አለ በመጨረሻ፣ «የፈለገውን ያድርግ።» ቶንዶዙን መልሶ አበራው፤ ደንበኛው በኋላ እንደነገረን ግን ለረጅም ጊዜ ምኑንም ሳይነካ አየር ላይ ነበር የሚላጨው።

አምባሳደር ወደ አጎቱ ተመለሰ። «ጋሼ፣ አባዬ ውሳኔህን ያከብራል።»

«ሌላስ?»

«በቃ ይሄው ነው።»

«ስድብ የለም?»

«ኧረ የለም። በአክብሮት ነው የተናገረው።»

«በአክብሮት» አለ ልብስ ሰፊው፣ ቃሉን እንደ ማያውቀው ጨርቅ በጣቶቹ መሐል የሚያሸው ይመስል። «እንግዲህ ካከበረኝ በቃ።»

በማግሥቱ ጠዋት ማሽኑ ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲሄድ አየን። ፀጉር አስተካካዩ ወደ በሩ አልዞረም፤ ፊቱን ወደ መስታወቱ እንዳደረገ ጋሪው መንገዱን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ከዚያ ሬዲዮኑን ዘጋ። የሚያናድደው ሰው ከሌለ ሬዲዮ ምን ይሠራል? ብዙም ሳይቆይ የወዲያኛውን ክፍል አንድ ሞባይል ጠጋኝ ተከራየው። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁም አይሰማ። ለዚህም ነው መሰለኝ ፀጉር አስተካካዩ ሊያየው ያልቻለው።

«አባትህ ምሳውን ሳይነካ መለሰው» ትላለች እናት ለልጇ። «ዛሬም መለሰው። ምን ሆኗል? አንተ የምታውቀው ነገር አለ?»

«የለም» ይላል አምባሳደር፣ የራሱን ምሳም ሳይነካ እየተነሣ።

በዚያው ሰሞን የፈተናው ጊዜ ደረሰና መምህሩ ክፍሉ ፊት አቆመው። «ሀገር ሀ እና ሀገር ለ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«በመከባበር ተለያዩ» አለ አምባሳደር።

«ግሩም!» አለ መምህሩ፤ ክፍሉም አጨበጨበ። በሕይወቱ የተጨበጨበለት ያን ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ጭብጨባ ግን እንደ ጥፊ ነበር የሚያርፍበት።

ከዚያ በኋላ ልጁ መንገዱን ለወጠ። ከቤት ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመሄድ ሱቁን ላለማለፍ ግማሹን ከተማ ይዞር ጀመር። ፀጉሩም አደገ። የአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ መስታወት ውስጥ የአባቱን ዓይን ማየት አልቻለማ! የፀጉር አስተካካይ ልጅ ሆኖ ራሱ ላይ ጫካ አበቀለ። ወፍ ጎጆ ልትሠራበት ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ኪራዩ ሳይወደድባት አይቀርም፣ ትታው ሄደች። እኛም ባገኘነው ቁጥር አላሳረፍነውም።

«አምባሳደር፣ ዱር ቤቴ አልክ?»

«አባትህን ልታከስር ነው?»

አይስቅም፤ እርምጃውን ያፈጥናል።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ራሱ አባቱ ከሱቁ በር ላይ ጠራው። «ና አንተ! ደንበኛ እያባረርክብኝ ነው። ተቀመጥ።» አንሶላውን አንገቱ ላይ አሠረለትና ከቀኝ ጆሮው ሽቅብ ጀመረ። ፀጉሩ እንደ በግ ጠጉር ይወድቃል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል። ግማሹን ራስ እንዳገባደደ አባት ቶንዶዙን ዝቅ አደረገ።

«ያን ቀን» አለ ለስለስ ብሎ፣ «ያ ወንድሜ... ሌላ ነገር አላለም? እንዲያው ሳይሰናበተኝ ሊሄድ?»

ልጁ ዓይኑን ገለጠ። መስታወቱ ውስጥ የሚያየው የሚቆጣ አባት ቢሆን ይቀለው ነበር። የሚለምን አባት ነው የቆመው።

«ብሏል።»

«ምን አለ?»

«‹አትሂድ፣ ቅር ካለኝ እቀራለሁ። አንዲት ቃል ብቻ! ስድብም ቢሆን። ወዴት አባህ ትሄዳለህ ይበለኝ፣ እቀራለሁ። ዝም ካለኝ ግን እሄዳለሁ።› እንዳለ ንገረው ብሎኝ ነበር።»

«ድገመው።»

ደገመው፤ እንባው ከአንሶላው ላይ ካለው ፀጉር ጋር ተለወሰ።

«ስድብም ቢሆን ነው ያለው?»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ እኮ ያን ቀን» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «አፌ ድረስ ስድብ ሞልቶኝ ነበር! የሚቀበለኝ አጣሁ እንጂ!»

ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ። ከተማው ያን ቀን ያየውን አይረሳም፤ ሽርጥ የለበሰ ሽማግሌ ቶንዶዙን ከነሽቦው እንደያዘ ከፊት ይራመዳል፤ ከኋላው ግማሽ ራሱ የተላጨ ግማሹ ዱር የሆነ፣ አንሶላ የተከናነበ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይከተለዋል። ሾፌሮች መኪና አቁመው አዩ። ልጁ ግን ሳቃቸውን አልሰማም፤ ይገባኛል ብሎ ነው መሰለኝ አንሶላውንም አላወለቀ።

አጎት መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ደረጃ ሥር፣ ቀና ቢል ራሱን በሚመታበት ጎሬ ውስጥ ተቀምጧል። ለሙሽራ ሱፍ ይሰፋ የነበረ ሰው የተሳፋሪ ሻንጣ ዚፕ ይጠግናል።

ወንድማማቾቹ ተያዩ። አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «ንገረው...» አለ ልማዱ ሆኖ።

«አልነግርም አባዬ» አለ ልጁ፤ «ይኸው አጠገብህ ነው።»

አባት ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። ከዚያ ለዓመታት ያልተጠቀመበትን ድምፅ አወጣ። «ወዴት አባህ ነው የሄድከው?»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ሰካ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ቤቱ ሰው ከገባበት በኋላ?»

«ዛሬ ነዋ የደረሰኝ!»

ሁለቱም አንድ ላይ ወደ መልእክተኛው ዞሩ።

«አንዲት ቃል እንዳትጨምር አላልኩህም?» አለ አጎት።

«አልጨመርኩም ጋሼ» አለ ልጁ፣ «ቀነስኩ።»

አጎት ሻንጣውን አንሥቶ ዚፑን ሳበ፤ መልሶ ሳበ።

የሄደ ሄደ። ሞባይል ጠጋኙ ውል አለው፣ ክፍሉ አይመለስም። ፀጉር አስተካካዩ አሁን በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ ወደ ደረጃው ይሄዳል፤ ቬንትሌተሩን ማን አዞረው፣ መጋረጃውን ማን ከፈተው እያሉ መናኸሪያው እስኪታመስ ድረስ ፊት ለፊት ይሰዳደባሉ። ምሳውንም እዚያው ይበላሉ። ለልጁ ግን አጎቱ ቃል አይተነፍስለትም።

ምረቃው ሲቃረብ አባት ልጁን ለሱፍ ልክ ወሰደው። ልብስ ሰፊው ከጎሬው ወጥቶ መንገድ ላይ አቆመው። ሜትሩን ዘረጋ፤ ዓይኑን ግን ወደ ወንድሙ አደረገ።

«ያንን ቀጣፊ፣ ክንዱን ያንሣ በለው።»

«አንተ ቀጣፊ፣ ክንድህን አንሣ ይልሃል» አለ አባት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

አምባሳደር ክንዱን አነሣ። አጎቱ ደረቱን ለካ፣ ወገቡን ለካ። ጣቶቹ ሲነኩት ልጁ አላስቻለውም።

«አባዬ... ይቅርታ በልልኝ።»

«ይቅርታ ይልሃል።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከልጁ ወገብ ወደ ትከሻው አነሣ።

«ሰምቻለሁ በለው» አለ፤ «ቀጥ ብሎ ይቁም።»