ዘጠኝ ከዐሥር

በማዋለጃ ክፍሉ የጽዳት ሠራተኛዋን «ዝምታ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ ምላሷ ከመወልወያዋ እኩል ስለማያርፍ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያንን ወለል ስትፈትግ ያላሾፈችበት ሰው የለም፤ በሐኪሙ እንቅልፍ፣ በዘበኛው ሆድ፣ ከሁሉ በላይ ግን በዋናዋ አዋላጅ ትጋት።

ትጋቱ እንዲህ ነው። ዋናዋ አዋላጅ ጠዋት እንደገባች ትቀመጥና የቀኑን የወሊድ ቅጾች ቀድማ ትሞላለች። «ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ። መልኩ ጥሩ። የጤንነት ነጥብ፦ ዘጠኝ ከዐሥር።» ፊርማዋ ሳይቀር ሰፍሯል። ክፍት የሚቀረው የእናት ስም፣ ሰዓትና ክብደት ብቻ ነው። እናቶች በላይ በላዩ ሲመጡ ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል? ዝምታም ጠረጴዛውን ስትወለውል ክምሩን አንስታ፣ ጠርዙን አስተካክላ ትመልሰው ነበር። «የእኛ ሲስተር ልጁን ከእናቱ ቀድማ ነው የምታየው!» እያለች ክፍሉን ታስቃለች።

ተራው የእሷ እስኪሆን ድረስ ነው የሳቀችው። ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ፣ ጤነኛ ሆና፣ ማለዳ ራሷ በወለወለችው ወለል ላይ ተራምዳ ገባች። ምጡ ረዘመ። ልጅቷ ስትወጣ ሰማያዊ ነበረች፤ ድምፅ የላትም። ጀርባዋን አሹ፣ በመተንፈሻ ፊኛ አየር ጨመቁላት። እናት ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት አልነቀለችም፤ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ። በማግስቱ ሕፃኗን አንቀጠቀጣት። ዓመት ሞልቷት አንገቷ አልጸና ሲል ሐኪም «ሴሬብራል ፓልሲ» አለ፤ በወሊድ አየር ያጠረው አንጎል እጅና እግርን ማዘዝ ሲሳነው ማለት ነው። ጎረቤት ደግሞ መቼም ሳይማር የሚመረቅ ነውና፣ «ከባድ ነገር አንስታ ነው» ብሎ ፈረደ።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። እጅና እግሯ እንቢ ቢሏትም ቤተሰቡ በሙሉ ስለሚታዘዝላት «አለቃ» ይሏታል። መቀመጥና ማንኪያ መያዝ የሚያስተምረው ማዕከል የሚቀበለው በወሊድ ጊዜ የተጎዱ፣ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ብቻ ነው። ዝምታ አለቃን አዝላ፣ ማን እንደሚገባ የሚወስነው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ቀረበች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር የወሊድ ወረቀቷን አገላበጠ። «እህቴ፣ ወዲያው አለቀሰች ይላል እኮ። ዘጠኝ ከዐሥር! እኔ እንኳ ተምሬ እንዲህ ያለ ነጥብ አላመጣሁም።»

«አላለቀሰችም፣ ዶክተር። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ቆጥሬያለሁ።»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በኋላ ቤት ውስጥ ወድቃባችሁ ይሆናል።» ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ፣ «ትሰሚኛለሽ?» ብሎ ጮኸ።

አለቃ አፏን አጣማ፣ ቃሉን በግድ ጎትታ አወጣችው። «እሰማለሁ። አይጩሁ።»

ሰብሳቢው ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ማስረጃ ካለሽ ሰኞ አምጪ አላት።

ያን ሌሊት ዝምታን ያሳረራት የሰብሳቢው ነገር አይደለም። ያን ክምር ስንት ዓመት በገዛ እጇ አስተካክላ መልሳዋለች! ከዚያ ውስጥ አንዱ የአለቃ ነበረ። እየሳቀች ነበር የመለሰችው።

ሰኞ ጠዋት፣ ዋናዋ አዋላጅ ቅጾቹን ሞልታ ዞር ስትል፣ ዝምታ አለቃን አዝላ፣ ክምሩን በሽርጧ ሥር ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሰብሳቢው አንዱን አነበበ፣ ሁለተኛውን፣ አምስተኛውን። ሁሉም አልቅሰዋል፤ ሁሉም ዘጠኝ ከዐሥር።

«የማን ልጆች ናቸው እነዚህ?»

«እናቶቻቸውን ገና ምጥ አልያዛቸውም፣ ዶክተር። ልጆቹ ግን አልቅሰው ጨርሰዋል።»

ሰብሳቢው ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ በአለቃ ማመልከቻ ላይ «ትግባ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ክምሩን ወደ ዝምታ ገፋ አደረገላት። «ይሄን ካመጣሽበት መልሺው፤ ለሥራ ያስፈልጋል። አንቺም አፍሽን ያዢ።»

«እሺ» አለች። አለቃን በር ላይ የጠበቃቸው አባቷ ተቀብሎ አዘላት፤ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አፏንም ያዘች፤ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ክምሩንም ወደ ማዋለጃ ክፍሉ መለሰችው፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አይደለም፣ መወልወያ ባልዲዋ ውስጥ። በደንብ አሸችው፤ ቀለሙ ለቀቀ።

ዋናዋ አዋላጅ ስትመለስ ከወዲያኛው አልጋ አንዲት እናት ታቃስታለች። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቅጽ ብቻ ነው ያለው።

«ወረቀቶቼስ? አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?»

ዝምታ መወልወያዋን ጨመቀች። «ይጠብቁ እንጂ፣ ሲስተር። ካለቀሰ ይሰሙታል።»