ማተብ ይዤ ወደ ቂርያት ጋት

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ኢየሩሳሌም

ከተማው ገና አልነቃም። አብረውኝ የመጡት ተሳላሚዎች እንደተኙ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከማደሪያችን ሹልክ አልኩ። ለሰባ ዓመት ሴት ተደብቆ መውጣት አያምርም፤ ግን የምሄድበትን ብናገር ምክሩ ማለቂያ አይኖረውም ነበር።

ቦርሳዬ ውስጥ በመሐረብ የተቋጠረ ጥቁር ክር አለ። የክርስትና ልጄ የውቢት ማተብ ነው። ወደ አያቶቿ የአይሁድ ሃይማኖት ተመልሳ ወደ እስራኤል የሄደች ዕለት ከአንገቷ ፈትታ በእጄ አስጨበጠችኝ። የንስሐ አባቴ ዘንድሮ ስንሰነባበት ያሉኝ ይህን ነው፦ «አንገቷ ላይ መልሺላት። ካልሆነም ጠይቂያት። የክርስትና እናት ስለ ልጇ ትጠየቃለች።»

ቃላቸው ከጎንደር ጀምሮ አብሮኝ ይጓዛል።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ አውቶቡስ ውስጥ

ጣቢያው አጠገብ ቡሬካስ የሚሉትን አይብ የተሞላ ትኩስ መጋገሪያ ገዛሁ፤ ሁለቱ አሥራ ስድስት ሼቄል። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር አንዱን በላሁ፣ ሁለተኛውንም ደገምኩ።

ሾፌሩ ሽበት የጀማመረው የአገሬ ሰው ነው። ነጠላዬን አይቶ በአማርኛ ማን ዘንድ እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ልጄ ዘንድ» አልኩት። አፌ ላይ እንዴት እንደመጣ እንጃ።

አውቶቡሱ ከድንጋያማው ተራራ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ጥድ፣ ድንጋይ፣ ደግሞ ጥድ። ከታች ጉም ተኝቷል። ሐምሌ ነው፤ ጎንደር ይኸኔ ጭቃ ነው፣ እዚህ ግን የሱፍ አበባው ደርቆ አንገቱን ደፍቷል። ዓይኔን ስጨፍን የደምቢያ ሜዳ፣ ስገልጥ የእስራኤል ሜዳ። የቱ ሕልሙ እንደሆነ አልለይም።

በዚያ ጉም ውስጥ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አያለሁ፤ ከጠበል ወጥታ ትንቀጠቀጣለች። አባቷ ቀጥቃጭ ነበር። አባቴ ደግሞ ባለመሬት። የሚያርሰው መሬት ቢለምነው አባቴ «ክርስትና ተነሥና እረስ» አለው። ተነሣ፤ ከነልጆቹ። እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ ነበርኩ፤ ክርስትና እናት ሁኚ ሲሉኝ አዲስ ቀሚስ በመልበሴ ብቻ ደስ አለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት መሬቱን ከአባቴ ወሰደው። ማተቡ ግን ልጅቱ አንገት ላይ ቀረ።

3 ሰዓት ገደማ፣ ቂርያት ጋት

ውቢት ጣቢያው ላይ ቆማለች። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ስትስም ግን ያችው ልጅ ናት።

«ዛሬ ከሚፍዓሉ ሖፌሽ ወስጃለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። ከፋብሪካው ፈቃድ መውሰዷ ነው፤ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች።

ቤቷ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ደርብ በእግር ይወጣል። በመስኮቱ በኩል የፋብሪካዎቹ ጣሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ልጇ የምትኖርበት የካርሜ ጋት አዳዲስ ሕንፃዎች በሙቀቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። ስለ ሙታንና ስለ ሕያዋን ስንጠያየቅ ጊዜው እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ከወጥ ቤት የሚጣፍጥ ሽታ ይመጣል። ምግቡ ግን አይመጣም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ ሆዴም ክፋቴም አብረው ጮኹ። ድሮ በአገራችን እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፣ እነሱም የእኛን፤ ቡዳ እያልን ከጎረቤት ለይተናቸው ኖረናል። ብድሯን እየመለሰች ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ማተቡንም እንደ ክስ ወረቀት በቦርሳዬ ውስጥ ጨበጥኩት።

9 ሰዓት

ውቢት ሰዓቷን አይታ ተነሣች። ገበታ ቀረበ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት።

«ይብሉ እትዬ። ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል። ረቡዕ አይደል? ድስቱም አዲስ ነው፤ ሥጋም ቅቤም አልነካውም።»

እጄ ገበታው ላይ ቀረ። ረቡዕ። መንገዱ ቀኑን አስረስቶኝ፣ አይቡን ጠዋት በልቼ መጥቻለሁ። ጾሜን የጠበቀችልኝ፣ እኔ ልመልሳት የመጣሁት ሴት ናት። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አልዋሸሁም፤ ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ማተቡን ከመሐረቡ ፈትቼ ገበታው ጥግ አኖርኩት፤ ቄሱ ያሉትንም ሳልቀንስ ነገርኳት። አባቴ ያደረገውንም ጨመርኩ፤ እሱን ቄሱ አላዘዙኝም።

«ትመልሺዋለሽ ወይ?» አልኳት።



«ልጅ ሆኜ ሲያስሩልኝ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «እርስዎ ዛሬ ጠየቁኝ። እግዜር ይስጥልኝ። አልመልሰውም፣ እትዬ።»

ክሩን አንሥታ በጣቷ አሻሸችው፤ መሐረቡ ውስጥ መልሳ ቋጠረችና «እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ሲጸልዩ ግን ስሜን ይጥሩ» አለችኝ። እኔም በእሷ ጸሎት ውስጥ እንዳለሁ ጠየቅኋት። ሻማ በምታበራበት ዓርብ ሁሉ ስሜ እንደማይቀር ነገረችኝ።

12 ሰዓት፣ የመልስ ጉዞ

ፀሐይዋ ከኋላችን ታዘቀዝቃለች፤ አውቶቡሱ ወደ ተራራው ይመለሳል። ውቢት ጣቢያው ላይ ቆማ እጇን ስታውለበልብ፣ እየራቅሁ ስሄድ እያነሰች የስምንት ዓመት ልጅ ሆነች።

በጉልበቴ ላይ የቀረው የሱፍ ፍትፍት በዕቃ ተቋጥሯል፤ ለተሳላሚዎቹ አለችኝ። ከማን ቤት እንደመጣ እነግራቸዋለሁ። የበላ ይብላ፣ ያልተበላው ለእኔ ይተርፈኛል።

የንስሐ አባቴ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ጠይቄአታለሁ፣ መልሳልኛለች እላቸዋለሁ። ከዚያ ተንበርክኬ የራሴን ንስሐ እገባለሁ፤ ከቡሬካሱ ጀምሬ በአባቴ መሬት እጨርሳለሁ።