ከተነቀለው ማሽን የሚመጣ መልእክት

ኮምቦልቻ ውስጥ ባንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፕሮግራመርነት ስቀጠር ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት ሆኖን ነበር። ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ስለነበር ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ከሥራ ስወጣ መልሼ እወጣዋለሁ። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነበር የሚሄደው። ከፊት የሚመጣው መኪና ይሰማል እንጂ አይታይም።

ሥራዬ ከእኔ በፊት የነበረ መሐንዲስ ጽፎት የሄደውን ፕሮግራም መንከባከብ ነበር። እያንዳንዱ የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስበት «ቆሜያለሁ» የሚል መልእክት በሽቦ ይልካል። ሠራተኛዋ ክሩን ቀጥላ ስታስነሳው ደግሞ «ተነስቻለሁ» ይላል። ፕሮግራሙ ሁለቱን አገናኝቶ የባከነውን ጊዜ ያሰላል። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ ሲውል ሲያድር ሜሞሪውን እየበላ ይሄድና ሰርቨሩን ያንቀዋል። አለቃዬ አጥፍቼ እንዳበራው ብቻ ነበር የሚነግረኝ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ፕሮግራሙ የተጻፈው ፈንክሽናል በሚባለው ዓይነት ቋንቋ ነው። በዚህ ዓይነት ቋንቋ አንዴ የተሠራ ነገር አይለወጥም፤ ለውጥ ሲያስፈልግ አዲስ ይሠራል። አሮጌው ፈላጊ ሲያጣ ቋንቋው ራሱ ጠርጎ ያስወግደዋል፤ አንድ እንኳ የያዘው ካለ ግን አይነካውም። ሜሞሪው ካበጠ፣ የሆነ ቦታ አልለቅም ያለ አለ ማለት ነው። ያን ለማግኘት እያንዳንዷን ነገር ልከታተል ብል ፕሮግራሙ በክትትሉ ብዛት መላወስ ያቅተዋል። ስለዚህ እንደ እህል ነጋዴ አደረግሁ። ነጋዴ ጆንያውን ሙሉ አይዘረግፍም፤ እዚህም እዚያም ወግቶ እፍኝ ያወጣል። ፕሮግራሙ ሜሞሪ በጠየቀ ቁጥር ዕጣ እንዲወጣ አደረግሁ። ዕጣ የደረሰው ብቻ ይመዘገባል፤ ማን እንደጠየቀው፣ ጠያቂውንም ማን እንደላከው አብሮ ይመዘገባል። ኋላ ተጠርጎ ከሄደ ከመዝገቡ ይሰረዛል። በመጨረሻ የሚቀሩት እንቢ ብለው የቀሩት ናቸው።

የቀሩትን ሳያቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ ማሽን የመጡ ሆኑ። ያ ማሽን «ቆሜያለሁ» ይላል፤ «ተነስቻለሁ» አይልም። ፕሮግራሙም እያንዳንዷን መቆም ይዞ መነሳቱን ይጠብቃል። መልእክቶቹ የሚመጡት ደግሞ ሁልጊዜ ከምሳ መልስ፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ሲገባ ነበር።

ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ላየው ወደ ሽመናው አዳራሽ ወረድሁ። በማሽኖቹ ጩኸት መሐል እስከ መጨረሻው ጥግ ሄድሁ። ማሽን የለም። ሲሚንቶው ላይ የተቆረጡ ብሎኖችና የደረቀ ዘይት ብቻ ነበር። ቆሜ እያየሁ ሳለ ሴቶቹ የክር ጋሪያቸውን እየገፉ መጡ። ባዶዋ ቦታ አቋራጭ ናት፤ አንዳቸውም ግን አልረገጧትም፤ ሁሉም ዞረው አለፉ።

በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡትን ሠራተኛ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ውጭ አገኘኋቸው። ያ ማሽን የት እንደሄደ ጠየቅኋቸው።

«ነቅለው ወሰዱት። አንቺ ሳትመጪ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩና፣ «ምን አገኘሽ?»

ነገርኋቸው። እትዬ አልደነገጡም። ሻሻቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉና ቀስ ብለው አጫወቱኝ። እዚያ ማሽን ላይ የምትሠራ ከገጠር የመጣች የቄስ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከምሳ እንደተመለሰች ክር ተበጠሰባት። ማሽኑ ቆመ። ልትቀጥለው ጎንበስ አለች። ማንም ያላወቀው የልብ ሕመም ነበረባት፤ ከዚያ አልተነሳችም።

«ወላሂ፣ ክሩን የምትቀጥል ነበር የመሰለኝ» አሉ እትዬ። «ጎኗ ቆሜ ስሠራ ቆየሁ።»

ከእሷ በኋላ ማሽኑን አስነሳለሁ የሚል ጠፋ። የተመደበችው ሁሉ ሰበብ እየፈለገች ስትሸሽ፣ በመጨረሻ ነቅለው አወጡት።

የዚያኑ ዕለት ኤሌክትሪሺያኑን ይዤ የሽቦዎቹ ጫፍ ሁሉ የሚገባበትን ሣጥን አስከፈትሁ። የዚያ ማሽን ሽቦ ቀድሞውንም ተነቅሏል፤ የቀረው ባዶ ቀዳዳ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሳቅ አለ። የከሰዓቱ ፈረቃ ሲገባ ትልቁ ኮምፕረሰር ይነሳል፤ እሱ ሲነሳ ምንም ያልተሰካበት ቀዳዳ መልእክት የመጣለት እየመሰለው ይቃዣል፤ አጭር ሽቦ ብሰካበት ዝም ይላል አለኝ። ልክ ነበር። በትምህርትም የማውቀው ነገር ነው። ግን እዚያው አጠገቡ ሌሎች ባዶ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንድም መልእክት መጥቶ አያውቅም። ለምን ይህ ብቻ ብዬ ጠየቅሁት። ቀዳዳዎቹን ትንሽ አያቸውና ሽቦውን ሰክቶ ሣጥኑን ዘጋው።

ፕሮግራሙ ሳይለቅ የያዛቸውን የ«ቆሜያለሁ» መልእክቶች ላስለቅቀው እንደሆነ ለእትዬ ነገርኋቸው። ከማድረጌ በፊት እንድጠራቸው ለመኑኝ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ ማሽኖቹ ዝም ባሉበት፣ ከብሎኖቹ አጠገብ ቆምን። እትዬ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺም በክርስቲያን ወግ በያት። የናንተ ናት።»

«ነፍስ ይማር» አልሁ።

«አሚን» አሉ።

ወደ ቢሮዬ ወጣሁና ፕሮግራሙን አስተካከልሁ፤ የቆመ ማሽን ፈረቃው እስኪያልቅ ካልተነሳ ፕሮግራሙ ከእንግዲህ አይጠብቀውም። የከሰዓቱ ፈረቃ ገባ። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እግሬ ላይ ተሰማኝ። እስክሪኑን ለማየት ፈርቼ ትንሽ ቆየሁ። ምንም አልመጣም። ዕጣውን እንደገና ሳወጣ የቀሩት ናሙናዎች ጥቂትና እዚህም እዚያም የተበተኑ ነበሩ። ሰርቨሩም ከዚያ ወዲያ አልታነቀም። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ያን ቀን ሐረጎን ስወጣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ከበደኝ፤ ተነስቼ ከሾፌሩ ጀርባ ሰው መሐል ተቀመጥሁ።

ከወራት በኋላ እዚያች ቦታ አዲስ ማሽን ተተከለ፤ ከደጋን ከተማ የመጣች ልጅም ተመደበችበት። ስለ ቦታው ማንም አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኋት። መጀመሪያ ክር ሲበጠስባት የማሽኑን መልእክት ልፈትሽ ወርጄ እዚያው ነበርሁ። ልጅቷ ጎንበስ ልትል ስትል እትዬ ማሽናቸውን ትተው መጡና በእጃቸው ገታ አደረጓት። ራሳቸው ጎንበስ ብለው ክሩን ቀጠሉ፤ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ፤ ማሽኑን አስነሱት። ልጅቷ አሮጊቷ የሚያስተምሯት መስሏት አመሰገነቻቸው።