የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ምኩራብ

በዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ፣ ምኩራብ በሚባለው ዕለት፣ ከተማችን መካነ ሰላም ጉም ውስጥ ነበረች። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አይታይም፤ የሚሰብኩት መምህር ድምፅ ብቻ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ከጉሙ ጋር እየተንሳፈፈ ይመጣል። እኔ እንደ ልማዴ ከአጥሩ ውጭ ቆሜያለሁ። ከዓረብ አገር ከተመለስኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ አንድም ቀን በሩን አላለፍኩም። እናቴ "ዛሬም አትገቢም?" ስትለኝ ራሴን አመመኝ እላለሁ። እሑድ እሑድን እየጠበቀ የሚነሣ ራስ ምታት ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እውነቱ ሌላ ነው። ልሄድ ስል ደላላው "ክርስቲያን አይቀጥሩም" ስላለኝ ማተቤን በገዛ እጄ በምላጭ ቆርጬዋለሁ። ስመለስ ደሴ ላይ ሌላ ገዝቼ አሰርኩ። እናቴ ይህን አታውቅም። ብታውቅ ልጄ አትለኝም ብዬ እፈራ ነበር።

መምህሩ ቀጠሉ። "ምኩራብ ቤተ መቅደስ አይደለም። ቤተ መቅደሱ አንድ ነበር፤ እሱም ኢየሩሳሌም። ባቢሎናውያን አፍርሰውት ሕዝቡን ማርከው ሲወስዱ፣ አይሁድ በሰው አገር መሠዊያ የላቸው፣ ታቦት የላቸው። ምን አደረጉ? ተሰበሰቡ። መጽሐፉን አነበቡ፤ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ጸለዩ። ብዙ ሊቃውንት የምኩራብን መነሻ ከዚያ ያደርጉታል። ምኩራብ ማለት እንግዲህ የመሰብሰቢያ ቤት ነው።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሲያጉረመርም የሰማሁት መሰለኝ። ዓረብ አገር ሳለሁ፣ ዓርብ ዓርብ አሠሪዎቻችን ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ፣ የአንድ ሕንፃ የቤት ሠራተኞች ሦስት ሆነን ጣሪያው ላይ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል እንገናኝ ነበር። እኔና የደጎሎዋ ልጅ ክርስቲያን፣ የወረኢሉዋ ሙስሊም። ድምፃችን እንዳይሰማ ማሽኑን ባዶውን እናስነሣዋለን። እኔና የደጎሎዋ ልጅ ከስልኬ ላይ ዳዊት እንደግማለን። ምሥራቅ የት እንደሆነ ጠፍቶን፣ ለወራት ወደ ውሃ ማሞቂያው ስንሰግድ ኖረናል! የወረኢሉዋ ልጅ ኋላ መጥታ ስትቀላቀለን አይታን በሳቅ ሞተች።

"ወላሂ ጠፍታችኋል! እዚህ አገር ቂብላ ወደ ምዕራብ ነው። እኔ ወዲህ ስሰግድ ጀርባችሁን ስጡኝ፣ አለቀ። አብሽሩ።"

ከዚያ ወዲያ እሷ ወደ መካ፣ እኛ ወደ ምሥራቅ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነን በሳሙና ሽታ ውስጥ ጸለይን። ያን ጊዜ ግን ጸሎት ቤት እንዳለኝ አላወቅኩም ነበር።

ጉባኤው ተበትኖ መምህሩ በአጥሩ በር ወጡ፤ እናቴም ከኋላቸው ነበረች። እግሬ ቀደመኝ።

"አባ፣ ማተቧን የበጠሰች ሴት የተሰበሰበችበትስ ምኩራብ ይባላል?"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምላጩን፣ ማሽኑን፣ የውሃ ማሞቂያውን ሳይቀር። መምህሩ የውሃ ማሞቂያውን ስነግራቸው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና "ነገ ለንስሐ ነይ፣ ልጄ" አሉኝ። ጉሙ በእኔና በእናቴ መካከል ያልፋል።

"መቁረጥሽ አንጀቴን አቃጥሎታል፤ አልዋሽሽም" አለችኝ። "ግን እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት እዚያ ሰው የላትም ብዬ ነው። ሰው እንደነበረሽ ምናለ ብትነግሪኝ?"