ግራ እጃቸው

ሲይዙኝ መጽሐፌ ጋቢና ወንበር ላይ ተገልጦ ነበር፤ የደም ሥሮች ምዕራፍ። ካሮልተን ካለው አፓርትመንቴ ወርጄ ወደ ነርሲንግ ኮሌጅ ልሄድ ሞተር ሳስነሣ ሁለት የኢሚግሬሽን ሰዎች መስኮቱን አንኳኩ። አገር ቤት የምርጫ ታዛቢ ሆኜ በመቆሜ ታስሬ ነበር፤ ጥገኝነት የጠየቅሁትም በዚሁ ነው። ቀጠሮ አልፎሻል አሉኝ። አላለፈኝም።

ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ ካለ እስር ቤት አስገቡኝ። ሁለት የብረት አልጋ፣ የብረት መጸዳጃ፣ ብርሃን እንጂ ሌላ የማያሳይ ጭጋጋማ መስታወት። ክሎሪን ይሸታል። ታችኛው አልጋ ላይ በዕድሜ የገፉ እናት ግራ እጃቸውን እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል።

"ሐበሻ ነሽ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ተመስገን። እነዚህን በጣት ማናገር ታክቶኛል።"

አገር ቤት ልጃቸው በፖለቲካ ታስሮ፣ የት አለ ብለው እስር ቤት በር ላይ ሲጮኹ እሳቸውም ታስረው ነበር። እጃቸው ከትከሻ እስከ ጣት አብጧል። ከክርናቸው በላይ ደግሞ ከአንሶላ በተቀደደ ጨርቅ ጥብቅ አድርገው አስረውታል። ለምን ብላቸው ገረማቸው። እባብ የነደፈው ሰው መርዙ ወደ ልብ እንዳይወጣ ይታሰር የለ? ይኼም እንዳይወጣ ነዋ። አዲስ አበባ ሳሉ ግራ ጡታቸው በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ብብታቸው ሥር ያሉት እጢዎችም አብረው።

ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት ሠላሳ ዓመቴን አልፌ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የሚያውቀውን በግማሽ መናገር አይሆንለትም። ጨርቁን ፈታሁና ጎናቸው ተቀመጥኩ።

ደምን ልብ ይገፋዋል አልኳቸው። ደም ቅዳዎቹ ግፊቱን እንዲችሉ ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ደም መልሶቹ ሳሳ ይላሉ። ከቀጫጭኖቹ ሥሮች የሚያፈተልከውን ውሃ የሚሰበስበው ግን ሌላ መስመር ነው፤ ሊምፍ ይባላል። ግድግዳው ከሁሉ የሳሳ ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ውስጡ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉት። ልብ አይገፋውም። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ሲተነፍስ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። የእርስዎ መንገድ ብብትዎ ጋ ተቆርጧል፤ ሲያስሩት የቀረችውንም ቀጭን መተላለፊያ ዘጉባት።

"የሚገፋው የለውም?" አሉ። "እንደኔ ፋይል ነው በይኛ።"

እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጨበጥ ፈታ እንዲያደርጉ አሳየኋቸው። ጠዋት ጠዋት አብረን እናደርገዋለን። እየቆየ እብጠቱ ጎደለ፤ ጣቶቻቸው መታጠፍ ጀመሩ።

የፍርድ ቤት ቀጠሯችን በአንድ ቀን ዋለ። ቁርስ እንደበላን ዘበኛዋ ካቴና ይዛ መጣች።

"ሁለቱንም እጅ።"

"ግራው አይሆንም" አልኳት። "እጢዎቹ ወጥተዋል። ብረት ከጠበቀበት ተመልሶ ያብጣል፤ ከተላጠም ይመረቅዛል።"

"ነርስ ነሽ?"

"ተማሪ ነኝ።"

"ኦኬ፣ ስትመረቂ ትነግሪኛለሽ። ወይ ሁለቱም ይታሰራል፣ ወይ እዚህ ትቀራለች።"

ተረጎምኩላቸው። ከቀሩ ቃላቸው ሳይሰማ ወደ አገር ሊመልሷቸው እንደሚችሉ ሁለታችንም እናውቃለን። እማማ ቀኝ እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ። ግራውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አነሡት።

"አውርጂው በያት" አለችኝ ዘበኛዋ።

"ያውርዱት እያለች ነው።"

"ሐኪሜ አልፈቀደችልኝም በያት።"

ቃል በቃል ነገርኳት። ኮሪደሩ ላይ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው እያሉ ይጣራሉ። ክንዳቸው እየዛለ መጣ። ልደግፋቸው ጠጋ ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። ዘበኛዋ እሳቸውን አየች፣ በሩን አየች።

"ደንቡ ሁለት እጅ ነው አይደል የሚለው?" አልኳት። ግራ እጄን ከቀኝ እጃቸው አጠገብ ዘረጋሁ። "ይኸው ሁለት።"

በአፍንጫዋ ተነፈሰችና አንዱን በእሳቸው፣ አንዱን በእኔ ላይ ቆለፈች።

"አንቺ ግን ችግር ነሽ።"

"ነኝ።"

የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ይበርዳል። ዳኛው ለመሐላ ቀኝ እጃችሁን አንሡ አሉ። የእማማ ቀኝ ሲነሣ የእኔን ግራ ይዞት ወጣ፤ የራሴ ቀኝም ተነሥቷል። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"አንዱ ይበቃል።"

"ይኼኛው የእሳቸው ነው" አልኳቸው የታሰረውን ግራዬን እያየሁ።

አላወረድኩትም። እማማ ተራቸው ደርሶ ተሰሙ፤ ሲናገሩ ግራ እጃቸውን እንደ ልባቸው ያወዛውዙ ነበር።

እሳቸው ተፈቱ፤ እኔም ተፈታሁ፤ በነርስነት ተመረቅሁ። ዛሬ በምሠራበት ሆስፒታል አንዳንዴ እስረኞች ከአልጋው ጋር በካቴና ተያይዘው ይተኛሉ። ምን አድርገው እንደታሰሩ አልጠይቅም። በብረቱና በቆዳቸው መካከል ጣቴን አስገባለሁ። ካልገባልኝ ጠባቂው እስኪያላላው ድረስ እዚያው እቆማለሁ። ደንብ ነው ይለኛል። እኔ መቆም አይሰለቸኝም።