ያለፈ ዘመን ዕቃ

ከተማችን ሚዛን መቶ ዓመት ሞላት ተብሎ ሽር ጉድ ሲባል፣ እኛ የታሪክ ማኅበሩ ጡረተኞች አሮጌ ዕቃ ሰብስበን ለሕዝብ እንድናሳይ ተጠየቅን። እኔም ከሸዋ ቤንች ወዲያ ካለው መንደራችን፣ የአባቴን የበቅሎ ጭነት ኮርቻ ከታላቅ እህቴ ተውሼ አመጣሁ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና «መኪና ሳይገባ በፊት ቡና ይጫንበት የነበረ፣ ያለፈ ዘመን ዕቃ» ብዬ በቁም ጽሕፈት ጻፍኩለት። በጽሕፈቴ ኮራሁ፤ ምን ይደረግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ።

በዋዜማው የጣለው ዝናብ የመንደራችንን መንገድ ቆርጦት ኖሮ፣ በበዓሉ ጠዋት እንግዶች ሳይመጡ እህቴ ጭቃ በጭቃ ሆና ከነበቅሎዋ ከች አለች።

«ኮርቻዬን» አለችኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ በዓል ነው! እስከ ማታ ብቻ ታገሺኝ።»

«መኪና አልገባ ብሎ ቡናው ቤት ውስጥ ሊሻግትብኝ ነው። አንተ በዓልህን አክብር፤ እኔ ጭነት አለብኝ።»

ተናደድኩ። ሰው ፊት ከእሷ ጋር መጨቃጨቁ ስላሳፈረኝ ግን ኮርቻውን ይዤ ወጥቼ በቅሎዋን ራሴ ጫንኩላት። አባቴ ያስተማረኝ ቋጠሮ ከእጄ አልጠፋም ነበር።

ጽሑፉን ሳላነሳ እንግዶቹ ገቡ። አንድ የከተማው ሹም ባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆመው ወረቀቱን አነበቡና፣ «መምህር፣ ዕቃው የታለ?» አሉኝ።

«ሥራ ላይ ነው» አልኳቸው።